እናቶቻችንን ያሳረፍናቸው መስሎናል

ዛሬ ስለ ጦርነት፣ ስለ ምርጫም ሆነ ስለ ዶላር ምንዛሪ አልጽፍም። የምጽፈው ስለ እናቶቻችን ነው። ከአገር ቤት አምጥተን በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዲሲ አፓርታማዎች ውስጥ ስላስቀመጥናቸው እናቶችና አባቶች። አገር ቤት ያላችሁ አንባቢዎችም አትለፉት። ነገ ወንድማችሁ ወይም እህታችሁ ደውለው «እማዬን ልንወስዳት ነው» ሲሏችሁ ምን ብላችሁ መጠየቅ እንዳለባችሁ ብታውቁ ይጠቅማችኋል።

የምለውን ከመጀመሪያው ልበለው። «ላሳርፋት ብዬ ነው ያመጣኋት» የሚለው ንግግራችን አብዛኛውን ጊዜ ውሸት ነው። አላሳረፍናቸውም፤ ሥራ አስፈታናቸው። ማረፍና ሥራ መፍታት ደግሞ አንድ አይደሉም። ያረፈ ሰው ነገ የሚነሳበት ጉዳይ አለው። ሥራ የፈታ ሰው ግን ነገውም እንደ ዛሬው ነው።

ይህንን ስጽፍ የሚቆጣኝ ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። ተቆጡ፤ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት። ማንንም ከመንካቴ በፊት ከራሴ ልጀምር።

እናቴ ደሴ ተወልዳ፣ ደሴ አግብታ፣ ደሴ ልጆች ያሳደገች ሴት ናት። መጀመሪያ በጉብኝት ቪዛ መጥታ ስድስት ወር ቆይታ ተመለሰች። በኋላ እኔ ዜግነት ስወስድ ግሪን ካርድ ወጣላትና በ67 ዓመቷ ጠቅልላ መጣች። ቤታችን ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ሁለት መኝታ ቤት ያለው አፓርታማ፣ ስድስተኛ ፎቅ። እኔ ሆስፒታል ውስጥ ሌሊት እሠራለሁ። ባለቤቴ ቀን ትሠራለች። እናቴ ትንሹን ልጃችንን ከአራስነቱ ጀምሮ ያዘችልን። እኛም ለሰው ሁሉ «እማዬን አመጣናት፣ አሁን አርፋለች» እያልን እናወራ ነበር።

ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ ቤቱ ባዶ ሆነ። ያኔም አልገባኝም። እንዲያውም አሁን ይበልጥ አረፈች ብዬ ደስ አለኝ።

አንድ የኅዳር ቀን ከሌሊት ሥራ መጥቼ ተኝቼ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ስነሳ እናቴ ቤት የለችም። ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ነው። ልብስ ማጠቢያ ክፍሉን አየሁ፣ ደረጃውን ወረድኩ፣ የለችም። በመጨረሻ ከቤታችን ትንሽ ራቅ ብሎ ባለው የአውቶቡስ ፌርማታ አግዳሚ ላይ፣ ከጃኬቷ ላይ ነጠላዋን ደርባ ተቀምጣ አገኘኋት። አውቶቡስ መጣ፤ በሩ ተከፈተ፤ አልተሳፈረችም፤ ሄደ።

«እማዬ፣ የት ልትሄጂ ነው?»

«የትም።»

«ታዲያ እዚህ ብርድ ላይ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ሰው አያለሁ። ቤት ውስጥ ሰው የለም። አንተም ተኝተሃል።»

ነገሩን ስጠይቅ ለካ ወራት ሆኗታል። ከጠዋት እስከ ምሳ እዚያ ትቀመጣለች። በዚያ መስመር የሚነዳ አንድ የአበሻ ሹፌር አለ። በር በከፈተ ቁጥር «እማማ፣ ደኅና አደሩ?» ይላታል። ይቺን ሰላምታ ለመስማት ነበር የምትወጣው። የእናቴን ውሎ ከእኔ ይልቅ የሚያውቀው የአውቶቡስ ሹፌሩ ነበር። እኔ በዚያን ጊዜ ስለ ኢትዮጵያ ሕዝብ መከራ በየቀኑ በቴሌግራም ረጅም ረጅም ጽሑፍ እለጥፍ ነበር። ስድስተኛ ፎቅ ላይ ያለችውን የኢትዮጵያ ሕዝብ ግን አላየኋትም።

አሁን እስቲ ያመጣናት ሴት አገሯ ላይ ማን እንደነበረች እናስብ። የደሴዋ እናቴ ጠዋት ተነስታ ቤተ ክርስቲያን ትስማለች። ስትመለስ ከሙስሊም ጎረቤቷ ጋር ቡና ትጠጣለች። የእድር ዳኛ ናት፤ ለቅሶ ሲኖር ድንኳኑ፣ ወንበሩና ድስቱ ያለ እሷ ቃል አይወጣም። በወር አንድ ቀን ጽዋ አላት። እቁብ ትጥላለች። የታመመ ትጠይቃለች፤ የተጣላ ታስታርቃለች። ገበያ ወጥታ በአንድ ኪሎ በርበሬ ግማሽ ሰዓት ትከራከራለች። ክርክሩ ስለ በርበሬው ብቻ እንዳይመስላችሁ። በአንድ ቀን ውስጥ ስሟን የሚጠራት ሰው ስንት ነው? ሠላሳ? አርባ?

አሜሪካ ስናመጣት ስንት ሰው ስሟን ይጠራታል? ማንም። እኛ «እማዬ» እንላታለን፣ ልጆቹ «አያቴ» ይሏታል፣ ሐኪም ቤት ደግሞ የአያቷን ስም እየተኮላተፉ ይጠሯታል። የእድር ዳኛዋ ሴት መብራት ማጥፋትና ማብራት፣ ሳህን ማጠብ፣ «ሪሞቱ የት ሄደ?» ማለት ብቻ ቀራት።

የአባቶቻችን ደግሞ የባሰ ነው። እናት ቢያንስ ወጥ ቤት አላት፤ ሕፃን ታቅፋለች። አርባ ዓመት ያስተማረ፣ የነዳ ወይም ቢሮ የመራ አባት እዚህ መጥቶ ምን ይይዛል? ስልክ ይይዛል። ከጠዋት እስከ ማታ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ዩቲዩብ ይከፍታል፤ እዚያ ላይ የሚጮኸውን ሁሉ ይሰማል። በሌለበት ጦርነት ሲዋጋ ውሎ ማታ ደም ግፊቱ ጨምሮ ይተኛል። ልጆቹም «አባዬ ዜና ይወዳል» ይላሉ። አይወድም። ሌላ የሚያናግረው ስለሌለ ነው። እኛ የፖለቲካ ጽሑፍ የምንጽፍ ሰዎችም በእነዚህ ሽማግሌዎች ብቸኝነት ላይ ተመልካችና አንባቢ እያፈራን መሆኑን ብናምን ይሻላል።

«ይህ ስሜት ነው፣ ማጋነን ነው» ለምትሉ ሌላ ማስረጃ ላምጣ። እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካ መንግሥት ዋና የጤና አማካሪ የነበሩት ዶክተር ቪቬክ መርቲ ስለ ብቸኝነት አንድ ሰፊ ማሳሰቢያ አውጥተው ነበር። ከሰው መነጠል ዕድሜን በማሳጠር ረገድ በቀን እስከ 15 ሲጋራ ከማጨስ ጋር እንደሚመጣጠን፣ በዕድሜ በገፉ ሰዎች ላይ ደግሞ የመርሳት በሽታ የመያዝን አደጋ በ50 በመቶ ገደማ እንደሚጨምር ያስረዳል። እናታችን ሲጋራ አፏ ውስጥ ብናይ ቤቱን በጩኸት እናቀልጠዋለን። ሙሉ ቀን ብቻዋን ግድግዳ ስታይ ግን «አርፋለች» እንላለን።

አሁን ደግሞ ማንም ጮክ ብሎ የማይናገረውን ሒሳብ ልናገር። በዋሽንግተን አካባቢ ለአንድ ሕፃን የቀን መዋያ በወር ከ1500 ዶላር በላይ መጠየቅ የተለመደ ነው። አያት ስትመጣ ይህ ወጪ ይቀራል። ብዙዎቻችን እናቶቻችንን ያመጣነው ከናፍቆት ጋር ይህንንም አስበን ነው። በራሱ ነውር አይደለም። አያት የልጅ ልጇን ማሳደጓ በእኛ ባህል ክብር ነው፤ እሷም ትወደዋለች። ነውሩ ሌላ ነው። ልጁ አድጎ ትምህርት ቤት ሲገባ የእሷም ጉዳይ እዚያው ላይ ያበቃል። ለሦስትና ለአራት ዓመት በሺዎች የሚቆጠር ዶላር አትርፋልን፣ ከዚያ ገንዘብ ላይ ለእሷ ውሎ የሚሆን አንድ ቀን እንኳን አልተመደበም። ሞግዚት ቀጥረን ቢሆን እሑድ ዕረፍት ትጠይቀን ነበር።

ሰበቦቻችንን አውቃቸዋለሁ። ሁሉንም እኔም ብያቸዋለሁ። አንድ በአንድ እንያቸው።

«ቋንቋ አትችልም።» እሺ። ግን የምንኖረው የት ነው? ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው የቋንቋ ሕግ መሠረት የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ከሚያገለግሉባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ፋርማሲ ገብተሽ፣ ፓርኪንግ ቆመሽ፣ አውቶቡስ ተሳፍረሽ አማርኛ ተናጋሪ ካላገኘሽ የሚገርም ነው። በየሰፈሩ ያሉ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እንግሊዝኛ ለሚማሩ ሰዎች ነፃ የመነጋገሪያ ክበብ ያዘጋጃሉ። እዚያ የምትቀመጥ እናት እንግሊዝኛ ባትለምድ እንኳን ከኤል ሳልቫዶርና ከቬትናም ከመጡ አያቶች ጋር ተሳስቃ ትመለሳለች። በምልክት መግባባት ለእናቶቻችን አዲስ ነገር አይደለም።

«ትጠፋብኛለች።» እናትህ በደርግ ዘመን አምስት ልጅ ይዛ ከአውራጃ አውራጃ በጭነት መኪና የተጓዘች ሴት ናት። አሁን ሦስት ፌርማታ ርቆ ካለ ቤተ መጻሕፍት መመለስ ያቅታታል? ያላወቀችው ስላላሳየናት ነው። አንድ መስመር ብቻ ምረጥ። ሦስት ጊዜ አብረሃት ሂድ፤ በአራተኛው ከኋላዋ ተከተል፤ በአምስተኛው ልቀቃት። አድራሻና የአንተን ስልክ ቁጥር በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጽፈህ ቦርሳዋ ውስጥ አድርግ። እውነት የመርሳት ችግር የጀመራት እናት ካለች ግን ሌላ ነገር ነው። እሷ አብሯት የሚሄድ ሰው ያስፈልጋታል፤ ይህም ቤት ለመቆለፍ ምክንያት አይሆንም።

«ብርድ ነው።» ደሴም፣ ደብረ ብርሃንም፣ ደብረ ታቦርም ብርድ ነው። ጥሩ ጫማና ወፍራም ካፖርት ግዛላት። የአንድ ቅዳሜ ምሽት የክትፎና የቢራ ሒሳብ ይበቃል።

«እሷ ራሷ አልፈልግም አለች።» ይህ ሰበብ በጣም ያስቀኛል። እኛ እኮ እንግዳ «በልቻለሁ» ሲል «በሞቴ» ብለን ሦስቴ የምንለምን ሕዝብ ነን። የመጀመሪያው «እምቢ» ይሉኝታ መሆኑን ከሕፃንነታችን ጀምሮ እናውቃለን። ጉርሻ ላይ እናቴን «በሞቴ» እያልኩ፣ መውጣት ላይ ግን በመጀመሪያው «ግድ የለም፣ ቤት ይሻለኛል» የምረካ ለምንድን ነው? ስለሚመቸኝ ነው። «ግድ የለም» ማለቷ «አንተን ማስቸገር አልፈልግም» ማለቷ መሆኑን ልቤ ያውቃል።

«ጊዜ የለኝም፣ ሁለት ሥራ ነው የምሠራው።» ከሁሉም እውነት የሆነው ይሄ ነው፤ አላፌዝበትም። ኪራዩን፣ የመኪናውን ዕዳ፣ አገር ቤት የሚላከውን አውቀዋለሁ። ለዚህ መልስ አለኝ፤ ጥቂት ታገሱኝ።

በመጀመሪያ ግን «የት ልውሰዳት? ምን አለ?» ለምትሉ፣ እኔ ራሴ እናቴን ይዤ ከዞርኩባቸው ውስጥ ልንገራችሁ። አብዛኛው ገንዘብ አይጠይቅም።

የሞንትጎመሪ ካውንቲ ራይድ ኦን አውቶቡስ እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ ለሁሉም ሰው ነፃ ሆኗል። የአሌክሳንድሪያው ዳሽ አውቶቡስ ደግሞ ከ2021 ጀምሮ ነፃ ነው። በሜትሮ ባቡር ዕድሜው 65 የሞላ ሰው የአረጋውያን ካርድ አውጥቶ በግማሽ ዋጋ ይሳፈራል። ስለዚህ እናትህ ቤት የምትውለው የትራንስፖርት ገንዘብ ጠፍቶ አይደለም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ በቀይ መስመር መሀል ከተማ ውረዱ። የስሚዝሶኒያን ሙዚየሞች መግቢያ አይጠይቁም። በተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየሙ ውስጥ ስለ ሰው ልጅ አመጣጥ የሚያሳይ አዳራሽ አለ። እዚያ እነ ሉሲ፣ የእኛዋ ድንቅነሽ፣ በሕይወት ሳሉ ምን ይመስሉ እንደነበር ተሠርቶ ተቀምጧል። እናቴን ፊቷ አቁሜ «እማዬ፣ ይቺ ከአፋር ናት፤ ሐዳር ነው የተገኘችው» አልኳት። ረጅም ጊዜ አየቻትና «ይቺንም አመጧት?» አለችኝ። እኔ ሳቅሁ። ማታ ላይ ግን አባባሏን ሳስበው ሳቄ ጠፋ።

ከዚያ ወረድ ብሎ ከካፒቶል ሥር የአሜሪካ የዕፅዋት ማዕከል አለ። እሱም ነፃ ነው። ውጭው በረዶ ሆኖ ውስጡ እንደ ጅማ ይሞቃል። በመስታወት ቤቱ ውስጥ የቡና ተክልም አለ። በጥር ወር የቡና ቅጠል የነካች እናት ለአንድ ሳምንት የምታወራው ታገኛለች።

የካውንቲው ፓርኮች ለነዋሪ በዓመት በትንሽ ክፍያ የሚያከራዩት የአትክልት መደብ አላቸው። ወረፋ ስላለ ክረምቱ ሳያልቅ ነው መመዝገብ። ጎመን ብርድ ስለሚችል እዚህ አገር በደንብ ይበቅላል። ድንብላል፣ በሶብላና ቃሪያም በበጋው ይደርሳሉ። ለእናቴ መሬት ስንሰጣት ከአንድ ሐኪምም ከአንድ መድኃኒትም ያላየሁትን ለውጥ አየሁ። አጠገቧ ያለውን መደብ የያዙት አንዲት የኮሪያ አሮጊት ናቸው። አንድ ቃል አይግባቡም። ግን ጎመንና የኮሪያ ቃሪያ ይለዋወጣሉ። እናቴ አሜሪካ ከመጣች በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ሰጪ ሆነች። ልብ በሉ፣ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ለእናት የሚፈለግላት ጊዜ ማሳለፊያ አይደለም። ለሰው የምትሰጠው ነገር ነው የሚፈለግላት። ሲኒማ ወስዶ ማስቀመጥና ሶፋ ላይ ማስቀመጥ ብዙም ልዩነት የለውም። አንድ ሰው «ዛሬ ምነው ቀረሽ?» ብሎ የሚጠይቅበት ቦታ ነው የምትፈልገው።

ካውንቲዎቹ የአረጋውያን ማዕከሎችም አሏቸው። ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚሠራ ስፖርት፣ ሹራብ ሥራ፣ ዳማና ካርታ አለ። አባትህን እዚያ ውሰደው። ዳማ ለመጫወት እንግሊዝኛ አያስፈልግም።

አሁን ወደ «ጊዜ የለኝም» ልመለስ። እኛ የእቁብ ልጆች ነን። ገንዘብ ሲቸግረን ምን እናደርጋለን? አንድ ሰው ብቻውን የማይችለውን አሥር ሰው ሆኖ ይችለዋል። እዚህ አገር ስንቱ የመጀመሪያ መኪናውን የገዛው በእቁብ ነው! ታዲያ የቸገረን ጊዜ ከሆነ ለምን የጊዜ እቁብ አንጥልም?

ነገሩ ቀላል ነው። እናት ወይም አባት ያላቸው አምስት ቤተሰቦች ይሰባሰቡ። በሳምንት አንድ ቀን ይቆረጥ፤ ማክሰኞ እንበል። በዚያ ሳምንት ተራው የደረሰው ልጅ ከሥራ የሚያርፍበትን ቀን ማክሰኞ አድርጎ አምስቱንም እናቶች ይዞ ይወጣል። አንድ ሳምንት ቤተ መጻሕፍት፣ አንድ ሳምንት ሙዚየም፣ አንድ ሳምንት የአንዷ ቤት ቡና፣ አንድ ሳምንት አትክልት ቦታ። ሒሳቡን ሥሩት። አንተ የምትሰጠው በአምስት ሳምንት አንድ ቀን ነው። እናትህ የምታገኘው ግን በየሳምንቱ አንድ ቀንና አራት ጓደኛ ነው። በአምስት ሳምንት አንድ ቀን የለኝም የሚል ሰው ካለ ስልኩ ላይ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚያጠፋ ይመልከት፤ ስልኩ ራሱ ይነግረዋል።

እኛ በአራት ቤተሰብ ጀመርን። ሁለት ወር ሳይሞላ እናቶቹ ለራሳቸው ስም አወጡ፣ ሰብሳቢ መረጡ፣ በሰው አምስት ዶላር መዋጮ ቆረጡ። እንግዲህ እድር ተመሠረተ ማለት ነው። እኛ ያደረግነው ነገር ማገናኘት ብቻ ነበር። ቀሪውን ከእኛ ይልቅ እነሱ ያውቁበታል።

ለማኅበረሰብ መሪዎቻችንም አንድ ነገር አለኝ። በዚህ አካባቢ በሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር እያዋጣን አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶች ገዝተናል፣ ገንብተናል። እሰየው። ግን ብዙዎቹ አዳራሾች ከሰኞ እስከ ዓርብ ቀኑን ሙሉ ተቆልፈው ይውላሉ። ማሞቂያው ይሠራል፣ መብራቱ ይከፈላል፣ ሰው ግን የለም። በዚያው ሰዓት በዙሪያው ባሉ አፓርታማዎች ውስጥ አዳራሹን በመቀነታቸው ቋጥረው ባወጡት ብር ያሠሩ እናቶች ብቻቸውን ተቀምጠዋል። በሳምንት ሁለት ቀን ከሦስት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት በሩን ክፈቱ። ጀበናውን እነሱ ያመጣሉ። ለፖለቲካ ድጋፍ በአንድ ሳምንት አዳራሽ ተከራይተን አውቶቡስ የምናሰማራ ሰዎች ይህ እንዴት ያቅተናል?

በመጨረሻ ከሁሉም የሚከብደውን ልናገር። አንዳንዷ እናት የምትፈልገው ሙዚየምም አትክልትም አይደለም። አገሯን ነው። እኛስ ምን እንላታለን? «ግሪን ካርድሽ ይቃጠላል።» ይህ እውነት ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው የመመለሻ ፈቃድ ሳያወጣ ከአንድ ዓመት በላይ ውጭ ከቆየ የነዋሪነት መብቱን ሊያጣ ይችላል። ከአንድ ዓመት በታች ቢሆንም አሜሪካ መኖሯን ትታለች የሚያስብል ረጅምና ተደጋጋሚ መቅረት ጥያቄ ያስነሳል። ግን ደግሞ አስቡት። ፈቃድ አውጥቶ መሄድ አለ። ጥቂት ወር ቆይቶ መመለስ አለ። ይህ ሁሉ ተሞክሮ ካልሆነና እሷ «አገሬ ገብቼ ልሙት» ካለች ካርዱን ለምንድን ነው የምንጠብቀው? ለማን? ካርዱ ከሚቃጠል እናቴ ትቃጠል ማለት እኮ ነው። ካርድ የወጣላት እሷን እንዲጠቅም ነው፤ እሷ ካርዱን እንድትጠብቅ አይደለም።

«አገር ቤት ጦርነት ነው፣ መንገዱ አያስተማምንም፣ ሕክምናው የለም» የምትሉ እውነታችሁን ነው። ለብዙዎቹ ዛሬ መመለስ አይቻልም። እዚያው የምትቆይ ከሆነ ግን ቆይታው ኑሮ ይሁን። እስኪያልፍ ድረስ ተብሎ አሥር ዓመት መጠባበቂያ ክፍል ውስጥ አይቀመጥም። በዚያ ዕድሜ አሥር ዓመት ማለት የቀረው ሁሉ ነው።

እናቴ ዛሬ 73 ዓመቷ ነው። ሁሉ ነገር ተስተካክሎላታል አልልም። አሁንም ደሴን ታልማለች። ለቅሶ ያልደረሰችባቸውን ሰዎች ስም እየጠራች የምታለቅስባቸው ቀኖች አሉ። ይህንን እኔም ማንም አናክምላትም። ግን ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት ከእኔ ቀድማ ተነስታ ነጠላዋን ትተኩሳለች። ባለፈው ሳምንት አንደኛዋ ጓደኛዋ ታማ ቀርታ «ሄደን ካልጠየቅናት ነውር ነው» ብላ ከእንቅልፌ ቀሰቀሰችኝ። በሕይወቴ እንቅልፌ ተቋርጦ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ከሥራ ስትገቡ አንድ ነገር አድርጉልኝ። እናታችሁን «ምን በላሽ?» ብላችሁ አትጠይቋት፤ መብላቷን ታውቃላችሁ። «ዛሬ ከማን ጋር አወራሽ?» ብላችሁ ጠይቋት። ከዚያ ዝም ብላችሁ መልሷን ጠብቁ። መልሷ «ከእናንተ ጋር» ከሆነ፣ እናንተ ደግሞ የገባችሁት አሁን ከሆነ፣ አላረፈችም።

ይህንን ያነበባችሁና በአንድ አካባቢ የምትኖሩ ሰዎች እዚሁ አስተያየት መስጫው ላይ የምትኖሩበትን ከተማ ስም ብቻ ጻፉ። አንድ ዓይነት ከተማ የጻፉ አምስት ሰዎች ከተገኙ፣ እነሱ እቁባቸውን መጣል ይችላሉ።